የማሳወቅ ግዴታ ከሞት በፊት ይጀምር

በባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ የመገደሏ ጉዳይ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አደባባይ ከወጣ ወዲህ የሕዝቡ ቁጣ በወንጀለኛው ላይ በተላለፈው የ25 ዓመት እስራት ፍርድ ላይ አርፏል። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታም ፍትሕ ጎደለ የሚል ነበር። ቁጣውን እንጋራዋለን፤ የፍርድ ቤቱን ሥራ ግን ለፍርድ ቤቱ እንተዋለን። የሚያሳስበን በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ሳይነሳ የቀረው ጥያቄ ነው። ቅጣት የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በየቤቱ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ቀድሞ የሚያየው መምህር፣ ነርስ ወይም ጎረቤት ዝም ማለቱ የሚያስጠይቀው መቼ ነው?

የወንጀል ሕጋችን የሚሰጠው መልስ ያስደነግጣል። አንቀጽ 443 ወንጀልን ባለማሳወቁ የሚቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ድርጊት መፈጸሙን እያወቀ ዝም ያለውን ሰው ነው። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ሕፃን መድፈር ደግሞ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ ወደ ዕድሜ ልክ የሚያድገው ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት፣ አለዚያም ሞት ሲያስከትል ነው። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ጎረቤት ዝም በማለቱ የሚጠየቀው ልጅቷ ክፉኛ ከተጎዳች ወይም ከሞተች በኋላ ነው። ድብደባውማ ከናካቴው እዚህ ውስጥ አይገባም። በአንቀጽ 576 ሕፃን ማንገላታት በመነሻው ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስከትል ሲሆን፣ ለማረም ተብሎ የሚሰጥ ተመጣጣኝ ቅጣት ጭራሽ ወንጀል አይደለም። የልኩ ዳኛ ያው መቺው ነው።

ምልክቱን ማን ያውቀዋል የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። ልጅ ሲጫወት ቢወድቅ ጉልበቱ፣ ክርኑ ወይም ግንባሩ ይላጣል፤ ጀርባው፣ መቀመጫው፣ የጭኑ ውስጠኛ ክፍልና ጆሮው ሲበልዝ ግን ሊጠየቅ ይገባል። ጠርዙ የተስተካከለ ቃጠሎ ከድንገተኛ ፍንጣቂ እምብዛም አይመጣም። አሳዳጊው የሚያወራው ከቁስሉ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ልጅቷ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ከቀናት በኋላ ነው። መቀመጥ የሚያማት፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና የጀመረች፣ የመውጫው ደወል ሲደወል ወደ ቤት መሄድ የምትፈራ ተማሪም አለች። እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አብረው ሲታዩ ግን ለመጠርጠር ይበቃሉ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ያሳተሙት ጥናት ሐኪሞች ወላጅን መጠርጠር እየከበዳቸው በራጅ የሚያዩትን የልጅ ስብራት በዝምታ ያልፉት እንደነበር አሳይቷል። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የአገሪቱ ግዛቶች በሙሉ የማሳወቅ ግዴታን በሕግ ደነገጉ።

ግዴታው ንጹሕ ሰው ያስወነጅላል የሚሉ አሉ። ጥቆማ ፍርድ አይደለም፤ የሚያጣራው ፖሊስ፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። ሆን ብሎ በሐሰት የሚወነጅለውንም ሕጉ ድሮውኑ ይቀጣዋል። ገመና ነው፣ በሽምግልና ይለቅ የሚለውን ግን ጨርሶ አንቀበለውም። ሽምግልና ለድንበርና ለዕዳ መልካም ነው፤ በሕፃን ጥቃት ላይ ሲቀመጥ ግን ታላላቆቹ ታርቀው ልጅቷ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት የምትኖረውማ ከሽማግሌዎቹ ፊት የሚቆምላት እንኳ የላትም።

የመምህሩ ፍርሃት ከዚህ ይለያል። ከጠቆመው ሰው ጋር አንድ ሰፈር ያድራል፤ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች የተወሰነ ስለሆነ፣ ተራ ድብደባን የጠቆመ ሰው ከለላ የለውም። የደቡብ አፍሪካ የሕፃናት ሕግ በአንቀጽ 110 መምህሩን፣ ነርሱንና የሃይማኖት አባቱን በስም ጠርቶ ያስገድዳል፤ በቅን ልቦና የጠቆመውን ደግሞ ከፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ነፃ ያደርጋል። ከተጠቆመ በኋላ ልጅቷ የት ትደር ለሚለው የእኛ ዝግጅት ቀጭን መሆኑን አንክድም። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ሕክምናውንና ሕጉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል በየወረዳው አይገኝም። ይሁንና ያልተጠቆመ ጥቃት በሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ በሪፖርት ያልገባ ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ያው አንቀጽ 443 በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ባለሙያ ግዴታውን ሳይወጣ ሲቀርም ይቀጣዋል። እንግዲህ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች የሚጠረጠር የሕፃን ጥቃትን በስሙ ጠርቶ፣ ለማንና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነገር የሚያዝ ግልጽ መመሪያ በእያንዳንዱ መምህርና የጤና ባለሙያ እጅ ያድርሱ። የተወካዮች ምክር ቤትም የጠቋሚውን ጥበቃ ያስፋ። እስከዚያው የጠረጠረ አንባቢ ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክት፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 11 ይህን መብት የሰጠው ድርጊቱን በዓይኑ ላላየ ሰው ጭምር ነው።