ሰኞ ማታ ነው

አክስቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ገቡ፣ አርብ ተሠሩ። ማክሰኞ ቁስላቸው ቀላ፣ ሰውነታቸውም ተኮሰ። ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤታችን «ምች ነው፤ ዳማከሴ ነበር የሚሻላቸው» ብላ ፈረደች።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ከአልጋ አልጋ እየዞረች ደረሰችን። መጀመሪያ ከሂሳብ ክፍል የመጣች መስሎኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ግን ስለ ገንዘብ አልጠየቀችም። መቼ ገቡ? የሽንት ቱቦ ተደርጎላቸዋል? ትኩሳቱ መቼ ጀመረ?

«ትናንት» አልኩ።

«ሰኞ ማታ ነው» አሉ አክስቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው። «እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ነርሷ ሰኞ ብላ ጻፈች።

ለካ ቆጠራ ኖሯል። በአንድ ቀን በዎርዱ የተኛ ሁሉ አንድ ጊዜ ይታያል፤ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን የያዛቸው ተለይተው ለጠቅላላው ታካሚ ይካፈላል። ከ60 ሰው 9 ቢገኝ 15 በመቶ ነው። ከቤት ይዞት የመጣውን ለመለየት የተለመደው መመዘኛ 48 ሰዓት ነው። ከገቡ ከሁለት ቀን በኋላ የጀመረ በሆስፒታሉ ይቆጠራል። ስለዚህ የትኩሳቱን ቀን ማሳሳት ቁጥሩን ያሳስታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በሀብታም አገሮች ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 7ቱን፣ እንደኛ ባሉት ደግሞ 15ቱን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል ይላል። እኔ እንግዲህ ወደፊት «እኛ ዘንድ አንድም የለም» ከሚለኝ ሆስፒታል ይልቅ ቆጥሮ «ይህን ያህል አገኘን» የሚለውን አምናለሁ። ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ቪየና ውስጥ በሐኪሞቹ ክፍል የሚወልዱ እናቶች በአዋላጆቹ ክፍል ካሉት አብልጠው እንደሚሞቱ ያየው የሁለቱ ክፍል ሞት ለየብቻ ስለተመዘገበ ነው። በ1847 ሬሳ ነክተው የሚመጡትን ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሲያስታጥብ ሞቱ ቀነሰ። (እኛ አገር ሐኪምን «እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኔም አልደፈርኩም።)

የአንድ ቀን ቆጠራ የማያገኛቸውም አሉ። ከአክስቴ ጎን የተኛችው ልጅ እግር በዚያው ሳምንት ደህና ሆና ወጣች፤ ከ10 ቀን በኋላ ቁስሏ መግል ይዞ ተመለሰች። ቆጠራው አልፏት ነበር። የቀዶ ሕክምና ቁስል ደግሞ እቤትም ገብቶ እስከ 30 ቀን መታየት አለበት።

አክስቴ አምስት ቀን ይበቃቸዋል ተብለው 16 ቀን ተኙ። ሲወጡ ነርሷ «ቁስሉ ቢቀላ ወይ ቢያዥ ቀኑን ጽፈሽ አምጫቸው» አለችኝ። እቤት እንደገባን ካላንደሩ ላይ የተሠሩበትን አርብ አከበብኩና 30 ቀን ቆጠርኩ። አክስቴ አጠገቤ ቆመው «ሰኞንም ጻፊያት» አሉኝ።