የጨርቅ ዳይፐር ስትገዙ ማስጫውንም አስቡ



ስለ ሕፃናት መላላጥ ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ የሚታጠብ ዳይፐር ልጠቀም አስቤያለሁ፣ ከነምኑ ልግዛ?» የሚል ነው። ዛሬ ስለዚህች «ከነምኑ» ልጻፍ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጨርቅ ይሻላል፣ ፓምፐርስ ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ጨርቅ ሳይቀየር ካደረ ፓምፐርስ ይሻላል። በሰዓቱ የሚቀየር ፓምፐርስም እርጥብ ሆኖ ከሚቆይ ጨርቅ ይሻላል። ቆዳን የሚጎዳው ሽንትና ሰገራው ላዩ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። የዳይፐር ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ጨርቅ የመረጠች እናት ማንም ፊት ማፈር የለባትም። እኔን የሚያናድደኝ ከጨርቁ ጋር የሚሸጠው ኮተት ነው።

ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ገና የሰባት ወር እርጉዝ እያለች ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ ያገኘችውን ዝርዝር ስክሪንሾት አድርጋ ላከችልኝ። ዝሆን የተሳለባቸው ኪስ ያላቸው ዳይፐሮች፣ የዋይፕስ ማሞቂያ፣ ሽቶ ያለው የዳይፐር ማጠቢያ፣ ልብስ ማለስለሻ፣ ፓውደር፣ ዚፕ ያለው ቦርሳ፣ ሌላም ሌላም። «የቱን ልተው?» አለችኝ። እኔም የማውቀውን ሁሉ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ መለስኩላት። ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «አንተ ሳትወልድ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ብላ ሳቀችብኝ። (ልክ ነበረች፣ እመለስበታለሁ።)

የጻፍኩላት ባጭሩ ይሄ ነበር። መጀመሪያ ብዛት። አራስ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። በየቀኑ የምታጥቡ ከሆነ ከ20 እስከ 24 ጨርቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ግማሹ ሁሌም ገመድ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። ፍላኔል ወይም ለስላሳ ጥጥ በካሬ ተቆርጦ ጠርዙ ከተሰፋ በቂ ነው። እናቶቻችን ያረጀ ነጠላና አንሶላ የሚቀዱት ያለምክንያት አልነበረም፤ ብዙ የታጠበ ጥጥ ውሃ በደንብ ይመጣል። አዲስ ጥጥ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ እንደልብ አይመጥም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን «ይፈሳል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው። ኪስ ካላቸው ዳይፐሮች ጋር የሚመጣው ማይክሮፋይበር ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይገባል እንጂ ቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ቆዳውን ያደርቀዋል።

ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን 4 ወይም 5 ይበቃል። ሳይቆሽሽ በየቅያሪው መለወጥ የለበትም። ስትገዙ ሥዕሉን ትታችሁ የእግሩን ላስቲክ እዩ፦ ታፋው ላይ ጥልቅ ምልክት የሚተው ከሆነ ጠቧል፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። በጨርቁ ላይ ፌስታል ማሰር ግን በፍጹም። ሙቀትና እርጥበት ያፍናል፣ ፌስታል ደግሞ ሕፃን ባለበት ቤት የመታፈን አደጋ ነው። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የፊቱን ጠርዝ ከእትብቱ በታች አጥፉት።

ለማያያዣ መርፌ ቁልፍ የምትጠቀሙ፣ ስትወጉ የራሳችሁን ጣት በጨርቁና በልጁ መሀል አስገቡ፤ የሚወጋ ካለ እናንተን ይውጋ። ጥርስ ያለው የላስቲክ ማያያዣ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ሽፋኑ በደንብ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ጨርቁን አጥፎ ውስጡ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። «ጨርቅ እግሩን ያንሻፍፈዋል» የሚለውን አትስሙ። እግሩ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ መተኛቱ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጥሩ ነው። የሚጎዳው «ይቃና» ተብሎ እግሩን ዘርግቶ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለሉ ነው።

ቫዝሊን ወይም የዚንክ ክሬም ስትቀቡ ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ አለዚያ ቅባቱ ዋናውን ጨርቅ ይሸፍነውና ውሃ መምጠጥ ያቆማል። ልብስ ማለስለሻም እንደዚሁ ነው፣ ስለዚህ አይገዛም። ሽቶ ያለው ማጠቢያ አይገዛም። ፓውደር አይገዛም፣ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። ተራ ሳሙና ሆኖ አረፋው እስኪጠፋ በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። ሰገራውን መጀመሪያ ሽንት ቤት መድፋት፣ ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው የሚባለው ስህተት ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ግን ይገዛል። ልጁ መዳህ ሲጀምር ደግሞ ጨርቅ ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ይቅር፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ትንሽ ውሃም ሕፃን ያሰጥማል።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ከዘመድ የተሰጣችሁ የሕፃን ጨርቅ ሻንጣ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር የተቀመጠ ከሆነ አራስ ልጅ ላይ አታድርጉት። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፣ ሲወለዱ አይታወቅባቸውም። ናፍታሊን ቀይ የደም ሴላቸውን ሰባብሮ ከባድ ቢጫነት ሊያመጣባቸው ይችላል። ቢጫነት ደግሞ አእምሮ እስከ መጉዳት ይደርሳል። ልጁ ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ፀሐይ አሞቃለሁ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ለእህቴ ጽፌላታለሁ። ማስጫ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ወለደች። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ጠባብ በረንዳ። ያ ሳምንት ዝናቡ አላቋርጥ አለ፣ የታጠበው ጨርቅ ሁለት ቀን ተሰጥቶም እርጥብ ነው። በወለደች በአሥረኛው ቀን ማታ ደወለችልኝ። «ራሴን እየከፈለኝ ነው፣ ያቅለሸልሸኛል» አለችኝ። የወለደች ሴት ራስ ምታት ሲባል እኔ መጀመሪያ የማስበው ደም ግፊት ነው፣ ከወሊድ በኋላም ስለሚመጣ። ዓይንሽ ብዥ ይላል ወይ፣ ምናምን እያልኩ ስጠይቅ ከኋላ አክስታችን «እኔንም እኮ አመመኝ» ስትል ሰማሁ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ? «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩ። «ምንም፣ ዳይፐር እያደረቅን ነው።»

ከሰል ነበር። አራሷን ብርድ እንዳይመታት በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ፣ ምድጃው መኝታ ቤት ገብቶ፣ ጨርቁ ወንበር ላይ ዙሪያውን ተሰቅሎ። ልጁስ? «እሱማ ዛሬ ጨዋ ሆኗል፣ ተኝቷል፣ ለጡት እንኳ አልነቃም።»

መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ልጁን ይዛችሁ አሁኑኑ ውጡ ብዬ ጮህኩባቸው። ድንገተኛ ክፍል ተገናኘን፣ ሦስቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሁሉም ደህና ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልጠፋም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም። አዋቂ ራሱን ሲያመው ይናገራል፤ ሕፃን ግን እንቅልፍ ያበዛል፣ መጥባት ይተዋል፣ እኛም ጨዋ ሆነ እንላለን።

እናቴ የሳቀችው ያኔ ገባኝ። ሰው ከአራተኛ ፎቅ ላይ በሐምሌ ምን እንደሚያደርግ ሳልጠይቅ ስለ ላስቲክና ስለ ማያያዣ ጻፍኩ። ክሊኒክ ውስጥም እንዲሁ ነኝ። ልጃቸው ለተላላጠባቸው ስንት እናቶች «ንጽሕናውን ጠብቂ፣ በደንብ አድርቂ» ብዬ ካርድ እንደመለስኩ እግዜር ይወቀው። የት ታሰጫለሽ? ሰፈራችሁ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? የሚያግዝሽ ሰው አለ? ብዬ የጠየቅኳቸው ጥቂት ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ «ከነምኑ ልግዛ?» ለምትሉኝ መልሴ ተቀይሯል። ቤት ውስጥ የሚቆም ታጣፊ ማስጫ፣ ወይም ገመድና መቆንጠጫ፣ ከሽፋኑ በፊት ይገዛ። በክረምት የምትወልዱ ጨርቁን ከ24 ወደ 30 ከፍ አድርጉት፣ ስስና ነጠላ ሆኖ የሚዘረጋውን ምረጡ፤ ተደራርቦ የተሰፋው ወፍራሙ ሲያምር ውሎ ሳይደርቅ ያድራል። ትንሽ እርጥበት የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል። ሞቃትና እርጥብ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ መሬትና ሣር ላይ አታስጡ፣ ውጭ የተሰጣውንም ሁሉ ተኩሱት፤ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል፣ ትሏ ቆዳ ውስጥ የምትገባ ዝንብ አለች። በጋ ከሆነ ፀሐዩ በነፃ ይሠራላችኋል።

ሳይደርቅ ሲቀር ፓምፐርስ አድርጉ። ውሃ ሲጠፋም እንደዚያው። ማታ ማታ ፓምፐርስ፣ ቀን ጨርቅ ያደረገች እናት ምንም አላጎደለችም። ከሰል ግን የተኛ ሰው ያለበት ክፍል አይገባም፣ ለጨርቁም፣ ለሙቀቱም፣ ለቡናውም።

መላላጡ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ውሃ የቋጠረ ወይም መግል ያለው ከሆነ፣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ይታይ። በብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ደም መስሎ ቀልቶ ዙሪያውን ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ካሉት ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ጎረቤት የሰጠቻችሁን ቅባት አትሞክሩበት፣ ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸው።

ነሐሴ ላይ ልጠይቃት ስሄድ ከሳሎኑ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ገመድ ተወጥሯል፣ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት። ዝሆን የተሳለባቸው ዳይፐሮች ከነማሸጊያቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። የዋይፕስ ማሞቂያውን አልገዛችውም።