ተንሸራታች በር በውስጥ ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

በማጠፊያ የሚዞር ባለ 80 ሳንቲ ሜትር በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከክፍሉ ወለል ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይወስዳል። ሰፊ አዳራሽ ላለው ሰው ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖር ቤተ ሰብ፥ በተለይም አልጋውና ማብሰያው በአንድ ክፍል ለሆነበት፥ ግማሽ ካሬ ሜትር ማለት የአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ስፍራ ነው። ስለዚህ በሐዲድ ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄደውን በር ብዙዎች ቢመርጡት አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ የሚሰቀለው ነገር ቀላል እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፥ ወርዱ 90፥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን በር፥ እንደ እንጨቱ ዐይነት፥ ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል። የሚዞረው በር ክብደቱን በመቃኑ ላይ ያሳርፋል፤ ይህኛው ግን የሚተማመነው በግድግዳው ላይ በተመቱት ጥቂት ብሎኖች ነው። ከሥሩም ልጆች ይመላለሳሉ። እንግዲህ ከሐዲዱ በፊት የሚመረመረው ግድግዳው ነው።

አዲስ በሚሠራ ቤት የውስጡ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። የብሎኬቱ ቆዳ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ትራፓኖው ልስኑን አልፎ በድንገት ወደ ውስጥ ከሰመጠ ተራ ፊሸር በዚያ ስፍራ አይያዝም። ከበሩ በላይ የሚጣለው የአርማታ አግዳሚ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ግራና ቀኝ ብዙ አያልፍም፥ ሐዲዱ ደግሞ የበሩን ወርድ እጥፍ፥ ማለት ለ90 ሳንቲ ሜትር በር 1 ሜትር ከ80 መሆን አለበት። ስለዚህ ብልኅ አናጢ ሐዲዱን በቀጥታ ከብሎኬቱ ጋር አያስርም። ደረቅና ቀጥ ያለ ወፍራም ጣውላ በሐዲዱ ርዝመት ልክ አስቀድሞ ያስራል፤ ከአግዳሚው ያለፈውን ጫፍም ግድግዳውን በሙሉ በስቶ በሚያልፍ፥ ከወዲያ ማዶ በሰፊ ሮንዴላ በሚጠብቅ ብሎን ይይዘዋል። ጣውላው ክብደቱን ከማከፋፈሉም በላይ በሩን ከግድግዳው አራቅ ስለሚያደርገው ከመቃኑና ከዞኮሎው ጋር አይፋተግም።

በጭቃ ቤት ግን ጭቃው ምንም አይሸከምም። ቋሚዎቹን እያንኳኩ መፈለግ፥ በቀጭን ሚስማር ማረጋገጥ፥ ጣውላውንም ከእነርሱ ጋር በረጅም ብሎን ማሰር ነው። ቋሚውን ምስጥ በልቶት እንደ ሆነ አሳቡን ተዉት።

ፊሸር የምንለው መሰኪያ ስሙን ያገኘው በ1958 እ.ኤ.አ. የናይሎኑን መሰኪያ ከሠራው ከጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ነው። በቀዳዳ ውስጥ እንጨት መሰካትም የቆየ ልማድ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ይላላል። ትራፓኖና ካቻቪቴ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸውና የአስመራንና የአዲስ አበባን አናጢ ያለ አስተርጓሚ ያግባባሉ።

ከመብሳታችሁ በፊት የመብራት ማብሪያው ወዴት እንዳለ ተመልከቱ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማብሪያው በበሩ አጠገብ ከሆነም የተከፈተው በር ይሸፍነዋል። እንግዲያስ በሩን ወደ ሌላው ወገን ማስኬድ፥ ወይም ማብሪያውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማዛወር ነው።

የሐዲዱን ልክ ከወለሉ ተነሥታችሁ አትውሰዱ፤ ወለሉ ራሱ ያዘነበለ ሊሆን ይችላልና። ረጅም ውሃ ልክ ከሌለ ግንበኞች የሚሠሩበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይበቃል። ሐዲዱ ጥቂት ቢያዘነብል በሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይሄዳል፤ የሕፃንም ጣት በመካከል ልትገኝ ትችላለች።

በሐዲዱ ሁለት ጫፎች የማቆሚያ ብረት፥ በበሩ አናት መንኰራኵሩ ከሐዲዱ እንዳይዘል የሚከለክል መያዣ፥ በወለሉም ላይ የበሩን ግርጌ የሚመራ መሪ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ የሚተው ሠራተኛ አይታጣም፤ ሦስቱ ሳይገቡ ሒሳቡን አትክፈሉ።

እንዲህ ያለው በር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ አረጋዊ እጅግ ይመቻል፤ በሩን ለመክፈት ወደ ኋላ መሸሽ አያስፈልጋቸውምና። ከግድግዳው ጋር ስለማይገጥም ግን ድምፅንና ሽታን አያግድም፤ ሽንኩርት ለሚቁላላበት ማድ ቤት አልመክረውም።

እንጨት በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሸሻል። ስለዚህ ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን ዳግመኛ ፈትሻችሁ አጥብቁ፤ ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ዘይት አትቀቡት፥ አቧራ ይሰበስባልና።