ስንት ያወጣል?

ጎበዝ፣ ጎልማሳ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ጉዋሽ የሚባለውን የውኃ ቀለምና ብሩሽ ይዞ እንጦጦ ሲወጣ ያየ ሁሉ «ስንት ያወጣል?» ይላል። ቀኑን ሙሉ ኳስ ለሚያይ ይህን የሚጠይቅ የለም! ቸርችል (መንገድ የሰየምንለት) መሳል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1915፣ ከባሕር ኃይል ሹመቱ በወረደበት ዓመት፣ በ40 ዓመቱ ነው።

ጉዋሽ ደግሞ ጀማሪን አይምርም፤ የፈካው ሲደርቅ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ይፈካል፣ እርጥብ ብሩሽ ከደገሙበት የደረቀው ሟሙቶ ይጨቀያል። ከዚሁ ሲታገሉ ግን ጉድ ይወጣል፦ ዕድሜ ልክ አረንጓዴ ያልነው የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ለካ አመድማ ሰማያዊ ኖሯል! ከሥሩ እየኖሩ አለማየት አያሳፍርም፣ ብሩሽ መያዝ ያሳፍራል? ልጅ ሲስል «ጎሽ!» እንላለን፤ አባቱ ሲስል «ሥራ ፈታ»።

ለነገሩ የእኔው አይሸጥም፤ ዛፎቹ ጎመን መስለዋል።