ናፍጣ፣ ግን የትኛው ናፍጣ?

በከተማችን ጅጋ ላይ ስለ መኪና ሞተር የሚሟገት ሰው ሁሉ ነዳጅ ከኪሱ የሚከፍል እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ የሚያወራው ስለ ጉልበት ነው፤ መካኒኩ ስለ መለዋወጫ፤ ደላላው ደግሞ በእጁ ያለው ቤንዚን ከሆነ ቤንዚንን፣ ናፍጣ ከሆነ ናፍጣን ያሞግሳል። እኔ የበቆሎና የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። መሪ ጨብጬ አላውቅም። ግን አንድ የቤንዚንና አንድ የናፍጣ ፒካፕ አስተዳድሬአለሁ፤ የሁለቱም ወጪ በእጄ ጽሑፍ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ የእንስሳት መድኃኒትና የምርጥ ዘር ሱቅ ሊከፍት ፒካፕ ሲያፈላልግ፣ ዘመድ አዝማዱ በአንድ አፍ «ናፍጣ ግዛ» ሲለው ሰማሁና ብዕር አነሣሁ። ምክሩ ድሮ ትክክል ነበር። ዛሬ ናፍጣ የምንለው ሞተር ሁለት ዓይነት ሆኗል፤ መካሪዎቹ የሚያወድሱት አንደኛውን ነው፣ ገበያ ላይ የሚያስገዙት ግን ሁለተኛውን።

መጀመሪያ ዋጋውን እናንሣ። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። መንግሥት ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር በዚያው ክረምት ቤንዚኑ 47 ብር ከ83፣ ናፍጣው 49 ብር ከ02 ገባ። ናፍጣ ቤንዚንን የቀደመው ያኔ ነው። ከዚያም በ2017 መስከረም መጨረሻ ላይ ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሆኑ። በኋላም ሁለቱም ጨመሩ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። እንግዲህ በማደያው ዋጋ የሚያኮራ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ ያለው በፍጆታው ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አፍኖ አፍኖ፣ በድሮዎቹ ሞተሮች ከ20 እጥፍ በላይ አጥብቦ፣ በሙቀቱ ብቻ ነዳጁን ያቀጣጥላል። ቤንዚኑ 10 እጥፍ ገደማ ነው የሚያጠበው። ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚገኘው ኃይልም ከቤንዚኑ ከአስር እጅ አንድ እጅ ያህል ይበልጣል። በእኔ ደብተር የናፍጣው መኪና ጭኖም ባዶም ሲታሰብ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ቤንዚኑ 7 ቢሄድ ነው። በዚያ የመስከረም ዋጋ ብናሰላው መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ናፍጣው 900 ብር፣ ቤንዚኑ 1300 ብር ይፈጃል። በመቶ ኪሎ ሜትር 400 ብር! ከኅዳር እስከ ጥር፣ በቆሎው ሲፈለፈልና በርበሬው ሲለቀም፣ መኪናው በየገጠሩ ገበያ እየዞረ ወደ መጋዘን ሲሰበስብ ይህ ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ስለ ጉልበት ደግሞ የሚወራውና ወረቀቱ አይገጥሙም። የድሮው ሃይሉክስ፣ መካኒኮቹ «ፋይቭ ኤል» የሚሉት ባለ 3 ሊትር ናፍጣ፣ የመጎተት ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ባለ 2.7 ሊትሩ ቤንዚን ወደ 240 ይደርሳል። በወረቀት ቤንዚኑ ያሸንፋል ማለት ነው! ታዲያ ሹፌሬ ለምን በናፍጣው ይምላል? ቤንዚኑ ያንን ኃይል የሚያወጣው ሞተሩ በደቂቃ 3800 ዙር አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ነው። የድሮው ናፍጣ ግን 2400 ላይ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ወደ ቋሪት በኩል ሲወጣ፣ ቀይ አፈሩ በነሐሴ ሲላቁጥ፣ መኪናው ላይ ከአስር ኩንታል በላይ ተጭኖ (የፋብሪካው ልክ ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ እኛ ልክ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም) ማንም ሹፌር ሞተሩን አስጩኾ መውጣት አይፈልግም። ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ነዳጁን ትንሽ ነክቶ፣ ጎማው ሳይሽከረከርበት ቀስ ብሎ መውጣት ነው የሚፈልገው። ለዚያ ናፍጣው ተፈጥሮለታል።

ግን ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን፣ በየሺህ ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አስር ከመቶ ያህል ያጣል። ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ፣ ኮሶበር ከ2500 በላይ ናቸው። ስለዚህ የእኛ አሮጌ ናፍጣ ኮሶበር አቀበት ላይ ከወረቀቱ ሦስት አራተኛ ጉልበቱን ብቻ ይዞ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የሚወጣው። የዓባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣማ ከኋላው የሚሰለፈው መኪና ጥሩምባ ይቅርታ አያውቅም። ይህን ጉድለት የሞላው ቱርቦ ነው፤ ቱርቦው ደግሞ ይዞት የመጣ ጣጣ አለ።

ጣጣው «ዲፎርዲ» ነው። ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠራው ይህ አዲሱ ናፍጣ በእውነት ድንቅ ሞተር ነው። ባለ 3 ሊትሩ ከ1400 ዙር ጀምሮ ከ340 ኒውተን ሜትር በላይ ይጎትታል፣ ከፍታ አያሸንፈውም፣ ጭሱም ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ነዳጁን ከ1500 ባር በላይ አፍኖ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ፣ ለዓይን በጭንቅ በሚታዩ ቀዳዳዎች እየረጨ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ3 ባር መሆኑን አስቡት። የድሮው ናፍጣ ኖዝል የሚከፈተው ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ላይ ነበር፤ ነዳጁን የሚገፋለትም ከሞተሩ ጋር በጥርስ ወይም በቀበቶ የተያያዘ የብረት ፖምፓ ነው። ብረቱ ቆሻሻ ይታገሣል። ዲፎርዲው አይታገሥም።

አንድ ጎረቤቴ መኪናው ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠ አልነሣ ብሎት ወደ ጋራዥ ሲወስደው አብሬ ሄጄ ነበር። መካኒኩ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ አላልቶ የሻይ ብርጭቆ ደቀነባት። ብርጭቆው ሞላ፤ ጥቂት ደቂቃ አስቀመጠው። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ግርጌው ላይ እንደ ቡና አተላ የዘቀጠ ዝገት። በጄሪካን የተገዛ ነዳጅ ነበር። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ ይህን የእናንተ አሮጌ ቢጠጣው ያስነጥሰው ነበር፤ ይሄኛው ግን ሞተ» አለኝ። አራቱም ኢንጀክተር እንዲለወጥ ተባለ። ለዚያ የተጠየቀው ገንዘብ ጎረቤቴ ናፍጣ በመንዳቱ ያተረፈውን የዓመት ሒሳብ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር፤ ያውም እዚህ አይሠራም፣ ኮምፒውተር ወዳለበት ከተማ ተጭኖ መሄድ አለበት።

የእኛ መኪና በተቃራኒው ብር ሸለቆ ወርዶ ነዳጅ ጨርሶ ቆሞ ያውቃል። ረዳቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የተገኘችውን ናፍጣ ጨምሮ፣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ በመዳፉ ደጋግሞ ተጫናት፤ ቱቦውን በቁልፍ ትንሽ አላላው፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ወጣ። አጠበቀው፣ ተነሣ። ይኸው ነው። በየገጠሩ ላንድክሩዘር ፒካፕ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ እስከ ዛሬ የሚከበረው ለዚህ ነው፤ ከ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የተሠራ ሞተር፣ ቱርቦ የለ፣ ኮምፒውተር የለ።

ቤንዚኑስ? ቤንዚኑን የሚንቁት በአብዛኛው ነድተውት የማያውቁ ናቸው። ነዳጁን የሚረጨው በ3 ባር ገደማ ነው፤ ቢታመም ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቢበዛ የነዳጅ ፓምፑ ነው፣ ሁሉም ኪስ የሚችላቸው። ጠዋት ይነሣል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ወገቡን አይዝም። ችግሩ ቤንዚን በየሜዳው ተፈላጊ መሆኑ ነው። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ የመስኖ ውሃ መሳቢያው ሁሉ ይሻማበታል። እጥረት ሲመጣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነው፤ ዋጋውን ሻጩ ዓይናችሁን አይቶ ይቆርጠዋል። ሕጉ ይከለክላል፤ ባጃጁም ይቀዳል። ናፍጣ አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅ ብልጫውን ስለሚይዝ፣ በእኔ ትዝብት ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ተጠብቆ ይገኛል። ሌላም ነገር አለ፦ መንገድ ሲዘጋጋ በርሜል ቤቱ የሚያስቀምጥ ነጋዴ አይጠፋም፣ መጋዘኑ ደግሞ ደረቅ በርበሬና ጆንያ የሞላው ነው። እንደዚያ ባለ ቤት የቤንዚን ትነት ሞት ነው። ናፍጣም ቢሆን አይመከርም፣ ግን እንደ ቤንዚን በክብሪት ብልጭታ ብቻ አይንቦገቦግም።

አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ በስልክ «አሁን እዚህ ሰው ወደ ቤንዚን እየተመለሰ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፎርድ እንኳ በ2020 ሞዴሉ ለከባድ ፒካፖቹ ባለ 7.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር አውጥቷል፤ እዚያ የናፍጣ ሞተር መምረጥ በመኪናው ዋጋ ላይ ወደ 10 ሺህ ዶላር ያስጨምራል፣ ቤንዚኑም ከናፍጣ ይረክሳል። ታዲያ ጎትቶ የማይውል ሰው ለምን ይከፍላል? ሒሳቡ የእኛ አይደለም፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው፦ መኪናው ከዓመቱ ስንቱን ቀን ጭኖ ይውላል?

ዛሬ ይህን ጥያቄ በሰፊው ለመጠየቅ ምርጫው ጠቧል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ፤ ደላላው ይህን ሰምቶ ለአውቶሞቢሉም ለፒካፑም ዋጋ ሰቀለ። ኤሌክትሪኩን አልጠላም፤ ነዳጅ በዶላር የሚገዛ አገር ቢመኘው ይገባል። ግን መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ የሚያውቅ የጅጋ ሰው በቆሎውን ለማን ያስጭን? የብረት ፖምፓ ያላቸው ናፍጣዎች ቁጥራቸው ብዙም አይጨምርም፣ ያሉትም እያረጁ ነው። የሚተኩት በዲፎርዲ ነው። ስለዚህ መንግሥት የመኪናውን ዓይነት ከወሰነ የነዳጁን ጥራትም ይወስን። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዝርዝሩን ያሳውቃል፤ በየማደያው ጋን ውስጥ ውሃና ዝቃጭ መኖር አለመኖሩ ተመርምሮ ውጤቱ ዋጋው በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ የማይለጠፍበት ምክንያት አይታየኝም። ላምባና ናፍጣ ዋጋቸው አንድ መደረጉ የመቀላቀሉን ሌብነት አዳክሟል፤ ውሃው ግን ዋጋ የለውም፣ ማንም ያስገባዋል፣ ዝናብም ያስገባዋል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት እንዲህ ነው። ሥራህ መድኃኒትና ዘር ከሆነ ሸክምህ ቀላል ነው፤ መንገድህ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ አስፋልት ነው፤ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው አጭር አጭር ጉዞ ነው። አንዳንዶቹ አዳዲስ ናፍጣዎች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፤ አጭር ጉዞ እያፈነው ይዘጋዋል። ስለዚህ ለአንተ ባለ 2.7ቱ ቤንዚን፣ ደብል ጋቢናው። በነዳጅ የምትከስረውን በጋራዥ ታተርፈዋለህ፤ ትርፍ ጄሪካን ቤት እንዳታስቀምጥ ብቻ። በመከር እህል ልጫን ካልክ ግን ቤንዚኑን ተወውና ፋይቭ ኤል ፈልግ፣ ነጠላ ጋቢና፣ ጭሱ ቢጠቁርም አትደንግጥ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነውና ተመለስ። ዲፎርዲ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ከሆነም ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት ባለቤቱን ፊልትሮውን ወደ ብርጭቆ እንዲያወርድልህ ጠይቀው። እምቢ ካለ ቡናህን ጠጥተህ ውጣ።