ሰሙን ለጥፈው ወርቁን ደበቁት

ቴምብር ሰብሳቢ ጓደኞቻችን ሰሞኑን አንዲት ሐምራዊ ወረቀት ይዘው ከዶርም ዶርም እየዞሩ «ውበቷን አያችሁ?» ይላሉ። አየን። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣት የ3 ሳንቲም ቴምብር ናት፤ በካሊፎርኒያዋ ኮሎማ ወርቅ የተገኘበትን 100ኛ ዓመት ትዘክራለች። የተሳለባት የሰተር የእንጨት መሰንጠቂያ ነው።

አናጢው ጄምስ ማርሻል ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 ወርቁን ያየው ከዚያ መሰንጠቂያ ውኃ በሚወጣበት ቦይ ውስጥ ነው። እሺ፣ ቦዩን ማን ቆፈረው? ከቆፋሪዎቹ መካከል የአገሩ ባለቤቶች ኒሴናኖች ነበሩ። የከተማዋ ስም እንኳ ከእነሱ መንደር የመጣ ነው። ስሙን ወስዶ ባለስሞቹን መተው ምን ይባላል?

እኛ የቅኔ አገር ልጆች ነንና ሰምና ወርቅ መለየት አያቅተንም። ሰሙ፦ ጎበዝ አናጢ፣ ቢጫ ፍንጣሪ፣ የዕድል አገር። ወርቁን ለማየት ግን ቴምብሯን መላጥ ያስፈልጋል። በ1848 ወደ 150 ሺህ ይገመቱ የነበሩት የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች በ1870ዎቹ መጀመሪያ 30 ሺህ ገደማ ቀሩ። በሽታ፣ ረሃብ፣ ጥይት። በ1850 የወጣው የሕንዶች «አስተዳደርና ጥበቃ» ሕግ (ጥበቃ አሉት እንግዲህ!) ልጆቻቸው በነጭ ጌታ ቤት በግዴታ እንዲያገለግሉ ፈቀደ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወርቁ ሲገኝ መሬቱ በሕግ ገና የሜክሲኮ ነበር፤ ያስረከበው ውል የተፈረመው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በ1850 ግን ሜክሲኮዊው ቆፋሪ «የውጭ አገር ሰው» ተብሎ በወር 20 ዶላር ግብር ተጣለበት።

«ቴምብር እኮ ናት፣ ይህ ሁሉ የት ይጻፍባት?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ቦታ ጠቦ ነው ለካ! ለመሰንጠቂያው ጣሪያ ግን በቅቷል። አንዲት ቃል፣ ኒሴናን፣ ምን ያህል ቦታ ትይዛለች? ፖስታ ቤቱ ካልጻፋት ሰብሳቢዎቻችን በአልበማቸው ከቴምብሯ ሥር በእርሳስ ይጻፏት።

ማርሻልም ቢሆን አላለፈለትም። ጡረታውን ካቋረጡበት በኋላ በ1885 በድህነት ሞተ፤ በ1890 ሐውልት አቆሙለት፣ ጣቱን ወደ ወርቁ ቦታ የቀሰረ።

በ2019 የካሊፎርኒያ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በነባሩ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ዘር ማጥፋት ነው ብለው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ቴምብሯ ያን ጊዜ 71 ዓመቷ ነበር።