ሻማና ሪአክተር

የኒውክሌር ወሬ በተነሳ ቁጥር የከተማችን የደባርቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ስለ ሂሮሺማና ስለ ቼርኖቤል እየሰማ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? የእኔ ጥያቄ ግን ወረድ ያለ ነው፤ ኬብሉ በየት በኩል ያልፋል? የሚያልፍበት ቀዳዳስ በምን ተደፈነ?

ጥያቄው የቅንጦት መስሎ ከታያችሁ ቀኖቹን ላስታውሳችሁ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገሪቱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ልትገነባ ማሰቧን ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ጣቢያው የትም ይተከል የት ነገሩ ከወሬ አልፏል።

አሁን ወደ ኬብሉ ልመለስ። መጋቢት 13 ቀን 1967 ዓ.ም፣ እኛ ዘንድ የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በሚባል የኒውክሌር ጣቢያ ሠራተኞች ተራ ሥራ ይሠሩ ነበር። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሥር ያለው ክፍል ኬብል በኬብል ነው። ኬብሎቹ ግድግዳውን አልፈው ወደ ሪአክተሩ ሕንፃ ይዘልቃሉ፤ አየር እንዳያልፍም ቀዳዳው ዙሪያውን በስፖንጅ መሰል ፎም ይደፈናል። አየር ማለፍ አለማለፉን የሚያረጋግጡት በምን ይመስላችኋል? በሻማ። ሻማውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው ነበልባሉ ወዴት እንደሚያጋድል ያያሉ። የዚያን ቀን ነበልባሉ ጭራሽ ወደ ውስጥ ተሳበና ፎሙ ተያያዘ።

እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ። ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተበላሹ። የአንደኛው ሪአክተር የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ ኦፕሬተሮቹም ለሌላ ሥራ በተገጠሙ ፓምፖች ውሃ እየገፉ አተረፉት። የጣቢያው ሰዎች ኤሌክትሪክ ባለበት ውሃ አይረጭም ብለው በዱቄትና በጋዝ ሲታገሉ ዋሉ። በአቅራቢያ ካለችው ከአቴንስ ከተማ የመጣው የእሳት አደጋ ኃላፊ ግን ገና በጊዜ ውሃ እንጠቀም ብሎ ነበር። ሲመሽ ተፈቀደ፣ ውሃው ተረጨ፣ እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። ሰው አልሞተም፣ ጨረርም አልወጣም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ መጠባበቂያ ተብሎ የተዘረጋው ኬብል ከዋናው ጋር በአንድ አካባቢ ያልፍ ስለነበር አንድ እሳት ሁለቱንም በላቸው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ደባርቅ ገበያ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ ከቆጣሪው ጀርባ ያለውን ግድግዳ እዩት። የሱቁ መስመር፣ ለጎረቤት የተቀጠለው መስመርና የምጣዱ መስመር ጭቃውን በስተው በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ፤ የደባርቅ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳው በፌስታል ተወትፏል። ባለሱቁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንዲህ አይደረግም ብሎ የነገረው፣ ነግሮም ተመልሶ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። ብራውንስ ፌሪም በፌስታል ፋንታ ፎም መጠቀሙ እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

አሜሪካኖቹ ከቃጠሎው በኋላ አምስት ዓመት ተከራክረው ደንብ አወጡ። የደንቡ ፍሬ ነገር ለማንም ይገባል። ሪአክተሩን በሰላም ለማጥፋት የሚያስፈልጉት ዋናውና መጠባበቂያው መስመር በመካከላቸው ሦስት ሰዓት እሳት የሚችል ግድግዳ ይኑር፤ ወይም 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል ይራራቁና በመሀል የሚቀጣጠል ነገር አይኑር፣ እሳት ጠቋሚና በራሱ የሚሠራ ማጥፊያም ይገጠም፤ አለዚያም አንዱ መስመር አንድ ሰዓት የሚችል መከላከያ ይልበስ፣ ጠቋሚውና ማጥፊያው ግን እዚያም አይቀርም። እንግዲህ ሕግ ወጣ ተብሎ እፎይ እንዳይባል፣ ቴርሞ-ላግ የተባለ የኬብል ልባስ በብዙ ጣቢያዎች ከተገጠመ በኋላ ሲፈተሽ የተባለለትን ሰዓት ሳይችል ቀረ። ደንቡ ወረቀት ላይ ነበረ፣ ልባሱም ግድግዳው ላይ ነበረ፤ ጉዱ የወጣው እሳት ለኩሶ የሚፈትን ሰው ሲገኝ ነው።

የእኛ ልማድ ሌላ ነው። እኛ እሳትን የምናስበው ከነደደ በኋላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም፣ በዐቢይ ጾም፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ዳገቱን ወጥቶ ከአስታውና ከጓሳው ጋር ተናነቀ። ቅጠል እየቆረጠ ይመታል፣ አፈር ይበትናል፣ ውሃ በጄሪካን ያወጣል። ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጣ፤ የእሳት ባለሙያዎች ከእስራኤል መጡ። ለመጡት ምስጋና ይድረሳቸው። ግን ይህ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ እሳት የሚያቋርጥ ባዶ መስመር ማውጣትና ለጠባቂው መሣሪያ ማከማቸት ይቻል ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድም የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ እስኪያጣ ድረስ መንገዱ ጠቦ ተገኘ። መንገዱ በዚያ ሌሊት አልጠበበም።

ጫካ ሲቃጠል ከጎረቤት ሄሊኮፕተር ይለመናል። ሪአክተር ግን ቢጠፋም እንኳ ውስጡ ያለው ነዳጅ ለቀናት ይግላል፤ ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ አለበት። የማቀዝቀዣው ኬብል ከተቃጠለ ከውጭ እርዳታ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ደንቡ ከኮንክሪቱ መቅደም አለበት።

ደንቡን ማን ይጽፋል የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። አሜሪካ ውስጥ ኒውክሌርን የሚያስፋፋውም የሚቆጣጠረውም ለረጅም ጊዜ አንድ ኮሚሽን ነበር። አይሆንም ተብሎ ተከፈለና ተቆጣጣሪው ለብቻው ሥራ የጀመረው ከብራውንስ ፌሪ ቃጠሎ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። በእኛ በኩል የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ፤ የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤትም ለዓመታት የሆስፒታል ኤክስሬይንና የኢንዱስትሪ ጨረር አመንጪዎችን ሲቆጣጠር ኖሯል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ይሁንና ኤክስሬይ ክፍል መፈተሽና በሺዎች የሚቆጠር ኬብል ያለበትን ሪአክተር መፈተሽ ለየቅል ነው። የሪአክተሩ ፈታሽ የእሳት መሐንዲስ ይፈልጋል፣ የኬብሉን ልባስ የሚያቃጥልበት ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፣ ሻጩ «በአገራችን ደንብ አልፏል» ሲለው «በእኔ ፊት ይፈተን» የሚልበት ሥልጣን ይፈልጋል። ጣቢያውን እንዲገነባ ለታዘዘው ሹም ተጠሪ የሆነ ተቆጣጣሪ ይህን ሊል አይችልም። ቢልም አይሰማም።

ኒውክሌርን አልቃወምም። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ የሚለኩስ ከተማ ነዋሪ ነኝና ኃይል ጠልቼ አልናገርም። ነገር ግን ምክር ቤት ወንበር ያላችሁ ሁሉ፣ የኒውክሌሩ ሕግ ፊታችሁ ሲቀርብ ስለ ሜጋዋቱ ከማጨብጨባችሁ በፊት የተቆጣጣሪውን አንቀጽ አንብቡ። ጣቢያውን የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ በጀቱን ማን እንደሚሰጠው፣ ኃላፊውንም ማን ሊያነሳው እንደሚችል በግልጽ ካልተጻፈ እጃችሁን አታውጡ።